የሸምሲያ ወቅፍ

የተሰወረውን ሁሉ የሚያውቀውን ጌታ አመስግነን፣ በነቢዩም ላይ ሰለዋት አውርደን እንጀምር። ዛሬ የማወራችሁ በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ይኖሩ ስለነበሩ አንድ ሽማግሌ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም። ብጠራው ነዋሪዎቿ ቁም ነገሩን ትተው «ያ ሰውዬ እገሌ ነው፣ ያቺ ሴትዮ እገሊት ናት» ሲባባሉ ይከርማሉ። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረች፣ መስጊዷ ከመንገዷ በፊት የተሠራ፣ ሁሉም የሁሉንም ጓዳ የሚያውቅባት ከተማ ናት ብል ይበቃል።

ታሪኩን የማነሳው ስለደከመኝ ነው። ከጁሙዓ በኋላ ጫማዬን ሳላጠልቅ ወጣቶች ይከቡኝና «ሸህ፣ ኮፒ የተደረገ ሶፍትዌር መጠቀም ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» ይሉኛል። ጥያቄው መልካም ነበር። ግን መልሱን አስቀድመው ቆርጠው ነው የሚመጡት፤ ከእኔ የሚፈልጉት «ግዴለም» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት። «ኩባንያው እኮ ሀብታም ነው» ይላሉ። «ባለቤቱ ሙስሊም አይደለም» ይላሉ። «እኛ ድሆች ነን» ይላሉ። ስለ ባለቤትነትና ስለ ሰው ሐቅ ስንቴ ዘርዝሬ አስረድቻቸው፣ ስንቴ አንገታቸውን በትሕትና ነቅንቀው በቀጥታ ወደ ቴክኒሻኑ ሄደዋል። ስለዚህ አሁን አሁን ክርክሩን ትቼ ሐጂ ጦይብን አነሳለሁ።

ሐጂ ጦይብ ዕድሜያቸውን በጨው ንግድ ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት፣ በወጣትነታቸው፣ አንድ ታላቅ ሸህ ዘንድ ተቀምጠው ኪታብ ቀርተዋል፣ ተምረዋል ማለት ነው፤ ኢጃዛም ተቀብለዋል። ኢጃዛ ማለት ሸሁ ለደረሳው፣ ለተማሪው፣ «ይህን ኪታብ ከእኔ ቀርተሃል፣ ለሌላ ማስቀራት ትችላለህ» ብሎ በስሙ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ሐጂ ግን ከማስቀራቱ ይልቅ ንግዱ ቀናቸው። በከተማዋ የሚታወቁት በምስክርነታቸው ነበር። ሰዎች መሬት ሲሸጡ፣ ኒካህ ሲያስሩ፣ ተጣልተው ሲታረቁ ሐጂ ይጠሩ ነበር፤ ያላዩትን አይመሰክሩምና። ይህ ታሪክ ሲሆን ሱቁን ዘግተዋል፣ ጉልበታቸውን ሪህ ይዞታል፣ ባለቤታቸው ሸምሲያም ከሞቱ ገና ብዙ አልቆየም።

ሸምሲያ መጻፍ ሳይማሩ ነው የሞቱት። በየቢሮው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሲያስፈርሟቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም። የእህታቸውን ልጅ ኢክራምን ግን አሳድገው፣ አስተምረው፣ እስከ ዩኒቨርሲቲ ላኳት። ኢክራም ተመርቃ ስትመለስ በመስጊዱ ግቢ ባለው መድረሳ ለሴት ልጆች ጽሕፈትና ኮምፒውተር ማስተማር ጀመረች። ሸምሲያ ሕመሙ ሲጸናባቸው ባላቸውን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ያችን የልጆቹን ክፍል አደራህን» አሏቸው።

ሐጂም ኒያቸውን አሰሩ። ለዚያ ክፍል የሚሆን ነገር ለሸምሲያ ነፍስ ሰደቀቱል ጃሪያ ሊያደርጉላቸው ወሰኑ። ይህ ሰው ከሞተ በኋላም እንኳ አጅሩ፣ ምንዳው፣ የማይቋረጥ ሰደቃ ነው። ኮምፒውተሩ ከአንድ ዘመድ በስጦታ ተገኘ፤ ዲስኩ ግን ባዶ ነበር።

«አባባ፣ ይህ ብቻውን ሣጥን ነው» ስትል ኢክራም አስረዳቻቸው። «ሲበራ ቀድሞ የሚነሳ፣ መስኮቱንም፣ ኪቦርዱንም፣ ማተሚያውንም የሚያዝ አንድ ፕሮግራም አለ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። እሱ ከሌለ ልጆቹ ምንም አይማሩበትም።»

«ከየት ይመጣል?»

«ገበያ ላይ ያሉት ቴክኒሻኖች በፍላሽ ይጭኑታል።»

«የማን ነው?»

«የሠራው ኩባንያ አለ፣ ባሕር ማዶ።»

«እነዚህ ልጆች በፍላሽ እየጫኑት መሆኑን ኩባንያው ያውቃል?»

ኢክራም ሳቀች። ሐጂ ግን አልሳቁም። «ባለቤቱ የማያውቀውን ነገር ለሸምሲያ አልልክላትም» አሉ።

ባሕረ ሰላጤ አገር የሚነግድ የወንድማቸውን ልጅ ጠይቀው ዋናውን አስገዙ። ትንሽ ካርቶን መጣች፤ ውስጧ ዲስክ፣ ጎኗ ላይ ደግሞ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር የታተመባት ተለጣፊ ወረቀት አለች። ቁልፍ የሚባለው ያ ድርድር ነው። ኢክራም አንድ በአንድ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችው። ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «ተረጋግጧል» የሚል አወጣ። በዚያው ቀን ሐጂ ከዐስር ሰላት በኋላ ለጀማዓው ተነሱ። «ይህን የኮምፒውተር ቁልፍ ለሸምሲያ ነፍስ ወቅፍ አድርጌዋለሁ። ሙስሊሞች ይጠቀሙበት። ዱዓ አድርጉላት» አሉ። ጀማዓው በአንድ ድምፅ «አሚን» አለ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በዚያች ከተማ ወቅፍ፣ ለአላህ ተብሎ የተሰጠ፣ የተባለ ነገር የሁሉም ነው። የሠርግና የሐዘን ትልልቅ ድስቶች፣ ምንጣፎቹ፣ ድንኳኑ፣ የጀናዛው ቃሬዛ፣ ሁሉም ወቅፍ ናቸው። የፈለገ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ይወስዳል፣ ይጠቀማል፣ አጥቦ ይመልሳል። በወንዶቹ በኩል፣ ከውዱእ ማድረጊያው አጠገብ፣ ምን ምን ወቅፍ እንዳለ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። የመስጊዱ ጠባቂ አረቡ የሚባል የዋህ ሰው ነው። የሐጂን ንግግር እንደሰማ ቁልፉን ከካርቶኗ ላይ አንድም ፊደል ሳያስት ገለበጠና ከድስቶቹ በታች፣ ከቃሬዛው በላይ ጻፈው።

ከዚያ ወዲያማ ምን ልበላችሁ። ውዱእ ሊያደርግ የመጣ ሁሉ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ሄደ። ፎቶ ቤቱ ጫነው። መድኃኒት ቤቱ ጫነው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ማመልከቻ የምትጽፈው ዙበይዳ ጫነችው። ከገጠር ለገበያ የመጣ ሰው ሳይቀር የሐጂን ወቅፍ ለልጁ ይዞ ተመለሰ። ጨዋ ጨዋዎቹ ደግሞ ቤታቸው ድረስ መጥተው «ሐጂ፣ ቁልፉን ልውሰደው?» ብለው ያስፈቅዱ ነበር። እሳቸውም «ወቅፍ አይደል? ተጠቀሙበት» ይላሉ። እንደ ድስቱ መስሏቸው ነው፤ አንዱ ሲጨርስ ለሌላው የሚያስተላልፈው። ሰሌዳው በወንዶቹ በኩል ስለሆነ ኢክራም አላየችውም። ሐጂ በሄዱበት ሁሉ «አላህ ሸምሲያን ይርሐማት» ሲባል እየሰሙ ልባቸው ይሞላ ነበር። መበለት እንደሆነች ሴት ሁሉ ሚስቱን የቀበረ ሽማግሌም ቤቱ ይሰፋበታል፤ ያቺ ዱዓ ናት ቤቱን ጠበብ የምታደርግላቸው።

አንድ ጠዋት ኢክራም ኮምፒውተሩን ስትከፍተው መስኮቱ ጠቁሮ አገኘችው። ከታች በኩል፣ በጥግ ላይ፣ «ይህ ቅጂ ትክክለኛ መሆኑ አልተረጋገጠም» የሚል ጽሑፍ ቆሟል። ቀጥሎም ቁልፉ እንደታገደ፣ ቀነ ገደቡ ካለፈ ማሽኑ በየጊዜው ራሱን እንደሚያጠፋ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ መጣ። ልጆቹ ተራቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ኢክራም ምክንያቱን ስትጠያይቅ ስለ ሰሌዳው ሰማች። በቀጥታ ወደ ሐጂ ቤት ሄደች።

«አባባ፣ ቁልፉ የተሰጠው ለአንድ ማሽን ነው» አለቻቸው። «መጀመሪያ ስናስገባው ማሽኑ የራሱን አካል፣ ዋናውን ቦርድ፣ ዲስኩን፣ ሌላውንም አይቶ የራሱን መለያ ሠራ። መለያውን ከቁልፉ ጋር አድርጎ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ላከ። ኩባንያውም ‹ይህ ቁልፍ የዚህ ማሽን ነው› ብሎ መዘገበ። ከዚያ በኋላም አፕዴት በመጣ ቁጥር እየጠየቀ ያረጋግጣል። አሁን ያው ቁልፍ ከብዙ ማሽኖች ሲላክለት ተሰርቋል ብሎ ቁልፉን ራሱን ዘጋው። የተዘጋ ቁልፍ ለማንም አይሠራም፣ ለእኛም ጭምር።»

ሐጂ ነገሩን ለመረዳት አልተቸገሩም። «ኢጃዛ ነዋ» አሉ። «ሸሃችን ኢጃዛውን የሰጡኝ በስሜ ነው። ጎረቤቴ ያንን ወረቀት ገልብጦ ደረሳ ሰብስቦ ቢያስቀራ፣ ሰዎች ሄደው ሸሃችንን ቢጠይቋቸው፣ ‹ይህን ሰው አላውቀውም› ነው የሚሉት።»

«እንደሱ ነው፣ አባባ።»

«እና ስንቱ ቤት ነው የሰው ሐቅ እየወሰደ ሸምሲያን የሚመርቃት?»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ስሜታቸውን ልደብቅላቸው አልፈልግም፤ ፈርተው ነበር። ለራሳቸው አልነበረም የፈሩት። ራሷን መከላከል ለማትችል ሟች በገዛ አንደበታቸው የማያቋርጥ አጅር የላኩ መስሏቸው የማያቋርጥ ወንጀል ልከው ከሆነስ? እሳቸው ሳይሞቱ ይህን ማቆም ነበረባቸው። ጉልበታቸውን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ከዐስር ሰላት በኋላ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ነገሩን ለጀማዓው ገለጡት። ኡስታዝ ነስረዲን የመስጊዱ አስተማሪ ነው፤ ዐረብ አገር የተማረ፣ ሐጂን እንደ አባቱ የሚያይ ሰው ነው። ሊያጽናናቸው ፈለገ። «ሐጂ፣ ራስዎን አያስጨንቁ። ኩባንያው ይህች ከተማ መኖሯንም አያውቅ። ደግሞ ወቅፍ አንዴ ከተሰጠ አይመለስም። ሰዎቹን መልሱ ሊሏቸው አይችሉም» አላቸው።

«ወቅፍ የሚሆነው የራስ የሆነ ነገር ነው ብለው ነው ሸሃችን ያስቀሩኝ» አሉ ሐጂ። «የጎረቤቴን ላም ወቅፍ ባደርጋት ትሆናለች?»

«አትሆንም።»

«እኔ የገዛሁት በአንድ ማሽን መጠቀሙን ነው። ከዚያ ያለፈውን የሰጠሁት ሳይኖረኝ ነው።»

ኡስታዝ ነስረዲን ዝም አለ። ዝም ማለት የሚያውቅ ሊቅ ዛሬ ብርቅ ነውና አመስግኑልኝ። በዚህ መሐል የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሙሔ ጣልቃ ገባ። ሙሔ ፎቶውንም ያነሳል፣ ኮምፒውተሩንም ይጠግናል፣ አፉም አያርፍም።

«ሐጂ፣ ይህ እኮ ቀላል ነው! አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለችኝ። ማሽኑ ወደ ኩባንያው ሊጠይቅ ሲል ጥያቄውን እዚሁ ትይዘውና ‹አዎ፣ ትክክለኛ ነህ› ብላ ትመልስለታለች። አለቀ! ዕድሜ ልኩን አይጠይቅም።»

«ማን ነኝ ብላ ነው የምትመልስለት?»

«ኩባንያው ነኝ ብላ ነዋ።»

«ሙሔ፣ በሸምሲያ ክፍል የሐሰት ምስክር አስቀምጥ ነው የምትለኝ?»

ሙሔ አንገቱን ደፋ፤ ለጊዜው ማለቴ ነው። ኡስታዝ ነስረዲን ግን አንድ መላ ቀረው። ኩባንያው በዐረብኛ የሚመልስ ስልክ አለው። ቁልፉ የተዘጋበት እውነተኛ ገዢ ደውሎ ያስረዳል። እነሱም በስንት ማሽን ላይ እንደተጫነ ይጠይቃሉ። «በአንድ ይበሏቸው፣ ይከፍቱልዎታል» አላቸው። «ውሸትም አይሆንብዎትም። የመድረሳው ማሽን እኮ አንድ ነው።» «እንደውል» አሉ ሐጂ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ክፍሉ ውስጥ ሆነው ደወሉ። ኢክራም ስልኩን በድምፅ ማጉያው አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ልጆቹ በየወንበራቸው ዐይናቸውን ተክለው ያያሉ፤ ከእነሱ ውስጥ እናቷ መጻፍ የምትችል አልነበረችም። መጀመሪያ የተቀዳ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ዜማ፣ ከዚያ እንደገና የተቀዳ ድምፅ። ዘለግ ካለ ጥበቃ በኋላ አንዲት ሴት ሠራተኛ አነሳች። ሐጂ የሚያውቁት የኪታብ ዐረብኛ ስለሆነ ሴትዮዋ መጀመሪያ ትንሽ ሳቅ አለች፤ ወዲያው ግን ድምፅዋ በአክብሮት ለሰለሰ። ስማቸውን፣ የገዙበትን አገር ጠየቀቻቸው። ከዚያ ያችን ጥያቄ አመጣች።

«ሐጂ፣ ይህ ቅጂ በስንት ማሽን ላይ ተጭኗል?»

ኡስታዝ ነስረዲን አንድ ጣቱን ቀና አደረገ። ኢክራም መሬት መሬቱን አየች። ሐጂ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ብዛቱን አላውቀውም፣ ልጄ። ብዙ ነው። ያሰራጨሁትም እኔ ነኝ፣ በራሴ ቃል።»

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሐጂ፣ ጥያቄው እኮ ለወጉ ያህል ነው። አንድ ካሉኝ የሚከፍትልዎትን ቁጥር አሁኑኑ አነብልዎታለሁ» አለች። በጎ ሴት ነበረች። ልትረዳቸው ፈልጋ ነው።

«አላህ ይስጥሽ። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ ያየሁትን ነው የመለስኩት። ዛሬ ብቀይር አንቺ ባታውቂም እኔ አውቃለሁ። ከሌሎቹ ማሽኖች ላይ አስጠፍቼ ብደውል ትቀበሉኛላችሁ?»

«ቃል ልገባልዎት አልችልም። ውሳኔው የእኔ አይደለም» አለቻቸው። ምስጋና አቅርበው ተሰናበቱ። ከልጆቹ አንዷ «አንድ ቢሉ ምን ነበረበት?» ብላ ጎረቤቷን ስትጠይቅ ሐጂ ሰሙ። አልገሠጿትም።

ከዚያ መዞሩ መጣ። መጀመሪያ አረቡን አስጠርተው ጽሑፉን ከሰሌዳው ላይ አስፋቁት። አረቡ ያለቅስ ነበር፤ እሳቸውም ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ደጋግመው ነገሩት። ቀጥለው ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ኢክራምን አስከትለው፣ ከቤት ቤት ዞሩ። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ናት ብያችኋለሁ። አንዱን ዳገት ወጥተው ሲጨርሱ ሌላው ይጠብቃቸዋል። በየደጁ የሚሉት አንድ ነው፤ «የሰጠኋችሁ የእኔ አልነበረም። አውፍ በሉኝ፣ አጥፉት።»

መድኃኒት ቤቱ ወዲያው አጠፋ። አንዱ «ወቅፍ አይመለስም» ብሎ በሩን ዘጋባቸው። ሌላው ውሃ አቅርቦ፣ ጉልበታቸውን አሽቶ፣ በብዙ አክብሮት እንቢ አላቸው። ሙሔ ዘንድ ሲደርሱ የኮምፒውተሩን መስኮት በጨርቅ ሸፍኖ ጠበቃቸው። «አጥፍቼዋለሁ ሐጂ፣ ወላሂ!» አለ። ኢክራም ጨርቁን ልትገልጥ እጇን ስትሰድ ሐጂ ያዟት። «ምሏል እኮ» አሏት። ወጥተው ሲሄዱ ግን ጥቂት ተራምደው ግድግዳ ተደገፉ። ዳገት እንኳ እንደዚያ አላደከማቸውም።

የከበዳቸው የዙበይዳ ነው። ዙበይዳ ባሏ ጥሏት ሄዶ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ስር ተቀምጣ የባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፈች የምትኖር ሴት ናት። የመጡበትን ስትሰማ ተቆጣች፤ ደግሞም እውነት ነበራት።

«ሐጂ፣ ሲሰጡኝ ወቅፍ ነው ብለውኝ ነው! አምኜ ነው የተቀበልኩት። ዛሬ ሳልጠራዎት በራስዎ እግር መጥተው ‹አጥፊው› ይሉኛል። ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

«እውነትሽን ነው» አሉ ሐጂ። «አውፍ በይኝ።» የባለጉዳዮቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ኢክራም አመንትታ፣ «አንድ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ» አለች። «ቁልፍ የለውም። ማንንም አይጠይቅም።»

«የማን ነው?» አሉ ሐጂ።

«የሠሩት በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሠርተው ለሁሉም ለቀቁት። የፈለገ ይገልብጠው፣ ይስጠው፣ ያሻሽለው፤ ግን ማንም የግሉ እንዳያደርገው የሚል ሸርጥ፣ ቅድመ ሁኔታ፣ ጽፈውበታል።»

«ወቅፍ አድርገውታል በይኛ።»

«አዎ፣ ወቅፍ አድርገውታል።»

«ምነው ልጄ፣ ቀድሞ ባልነገርሽኝ!»

«ሰው አልለመደውም፣ አባባ። ልጆቹም ነገ ሥራ ሲገቡ የሚያገኙት ያንኛውን ነው ብዬ ነው። ማተሚያ ላይም ያስቸግራል።»

ማስቸገሩስ አስቸገረ። ማተሚያው አላውቅህም አለው። የአማርኛው ፊደል አንዴ ሳጥን ሳጥን እየሆነ፣ አንዴ ጭራሽ እየጠፋ ኢክራምን አላባት። ዙበይዳ ባለጉዳዮቿን እየመለሰች በየመሐሉ ትነጫነጭ ነበር። ሐጂ አልሄዱም። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ዋሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ የመጀመሪያው ወረቀት ታትሞ ወጣ። ዙበይዳ ገልብጣ ገልብጣ አየችውና «ይሁን፣ እለምደዋለሁ» አለች። በደስታ አላለችውም። ደክሟት ነው ያለችው።

ሐጂ ሊዞሩ የሚችሉትን ያህል ከዞሩ በኋላ ሁለተኛ ደወሉ። ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ያነሳው የቸኮለ ወንድ ነው። ያንኑ ጥያቄ ጠየቃቸው።

«በአንድ ነው ብዬ መመስከር አልችልም» አሉት። «አስጠፋለሁ ብዬ ዞሬያለሁ። ያጠፉ አሉ። እንቢ ያሉኝ አሉ። አጥፍተናል ብለው የማሉልኝም አሉ።»

«እንግዲያው ቁልፉን ልንከፍተው አንችልም።»

«ሐቃችሁ ነው። በእኔ ቃል ለተወሰደባችሁ ግን አውፍ በሉኝ።»

ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» አላቸው። ሐጂም «የለም፣ አላህ ይርዳህ» ብለው ዘጉ።

ቁልፉ በዚያው ቀረ። ኢክራም የመድረሳውንም ማሽን ባዶ አድርጋ ያንን ሌላውን ጫነችበት። ልጆቹ ተራ በተራ እየተቀመጡ ስማቸውን መጻፍ ቀጠሉ። ሐጂ በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጥቷቸው ይመለከቱ ነበር። ኢክራም አጠገባቸው መጥታ ቆመች። ብዙ ቀን የያዘችው ዕንባ አሁን መጣባት።

«አባባ፣ ታዲያ የአክስቴ ሰደቃ ቀረ ማለት ነው? ቁልፉ ተዘጋ። ይኸኛው ደግሞ የሌሎች ሰዎች ወቅፍ ነው። የእኛ ምኑ ደረሳት?»

ሐጂ ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። ቀና ብለው አይዋት።

«ቁልፉ የእኔ አልነበረም። ከቤት ቤት የዞርኩት ድካም ግን የእኔ ነበር። እሱን ሰጥቻታለሁ።»

የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። ኋላ ሰዎች እየተቀባበሉ አስረዝመውታል፤ ግጥም ያደረጉትም አሉ። ኢክራም የሰማችው ግን ይህችኑ ነው።

እኔ በበኩሌ ንግግራቸውን እንዲህ ተረድቼዋለሁ። የተገለበጠ ነገር ለመስጠት ይጥማል። ለአንዱ ብንሰጠው ከእኛ አይጎድልም፤ ለመቶውም ብንሰጠው አይጎድልም። ቸር ሆነን እንታያለን፣ ይመርቁናል፣ ምርቃቱንም አሚን ብለን እንወስዳለን። የጎደለበት ሰው ሩቅ ስለሆነ ፊቱን አናየውም። ማሽኑ የሚጠይቀው ቁልፉ የማን እንደሆነ ነው፤ ያችን ጥያቄ ደግሞ የሙሔ ትንሽ ፕሮግራም ትመልስለታለች። ሐጂ ግን ስጦታው ከየት እንደወጣ ራሳቸውን ጠየቁ፤ ከራሳቸው ያልወጣ ሆኖ ሲያገኙት አፍረው መልሰው ሊሰበስቡት ዳገት ወጡ። አብዛኛውን መሰብሰብ አልቻሉም። ሙሔ ጨርቁን አላነሳም፣ በሩን የዘጋውም አልከፈተም። እሳቸውም ከዚያ ዙረት በኋላ ጉልበታቸው አልተመለሰላቸውም፤ ብዙም ሳይቆዩ ከሸምሲያ አጠገብ ተቀበሩ።

ይህን ስነግራቸው ወጣቶቹ «ታዲያ ምን ተጠቀሙ?» ይሉኛል። እኔም ሙታኖቻቸውን እንዲያስታውሱ እጠይቃቸዋለሁ። አባቷ የሞተባት አለች፣ እናቱን የቀበረ አለ። በእነሱ ስም የሰጣችሁትን አስቡ እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ውስጥ እናንተን ያደከማችሁ የትኛው ነው? ያን ጊዜ ጫማዬን አጥልቄ እሄዳለሁ። አላህ ለሸምሲያም ለጦይብም ይዘንላቸው፤ ድካማቸውን ይቀበላቸው።